በእጅ የተሰፋ የጨርቅ ኳስ ለሕፃን፦ ስፌቱ ተፈታብኝ፣ ክብም አልሆነልኝ

መርፌና_ክር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የእህቴ ልጅ 5 ወር ሞላው። ስጦታዬ በእጄ የሠራሁት ነገር እንዲሆን ፈለግሁና ካጠራቀምኳቸው ቁርጥራጭ ጨርቆች ኳስ ሰፋሁለት። 12 ባለ አምስት ጎን ጨርቅ ቆርጬ፣ አንዱን ካንዱ ገጥሜ፣ ጥጥ ሞልቼ ዘጋሁት። ሦስት ማታ ፈጀብኝ።

ልጁ ወደደው። በሁለት እጁ ይዞ ቀጥ አድርጎ ወደ አፉ ነው የወሰደው። በሳምንቱ ግን እህቴ ደወለች። አንዱ ጠርዝ ላይ ስፌቱ ተከፍቶ ጥጡ ብቅ ብሏል። ቶሎ አይታ ወሰደችበት። ያንን ጥጥ ጎትቶ ቢውጠው ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ልቤ ድንግጥ ይላል።

ኳሱ ተመልሶ እኔ ጋ መጥቷል። ደህና አድርጌ ሳየው ሌላም ችግር አለበት። ክብ አይደለም፤ በአንድ በኩል ሾጠጥ ብሏል። ሦስት ጨርቆች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይታያል። ሲጨበጥ ደግሞ ውስጡ ተቋጥሯል።

የተጠቀምኩት ነጠላ ክር ነው። ስፌቱ ተራ ውስወሳ ነው፤ መርፌው ገባ ወጣ የሚልበት። ጨርቆቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሸሚዝ ጥጥ አለ፣ ከካኔተራ የቆረጥኳቸው አሉ፣ አንድ ሳቲንም አለበት።

ከሁለት ወር በኋላ ጓደኛዬ ትወልዳለች፤ ለእሷም መስፋት አስቤያለሁ። የት እንደተሳሳትኩ ከሥሩ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማሽን የለኝም። ቢኖረኝም በእጅ መስፋቱን ነው የምወደው።

እማማ_ድሪቶ

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። አይዞሽ፣ የተፈታ ስፌት መልሶ ይሰፋል። ትልቁ ነገር እህትሽ ቶሎ ማየቷ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስፌቱ ነው። ውስወሳ ሁለት ጨርቅ ለጊዜው ለማያያዝ ነው የተፈጠረው። ኳስ ግን ከውስጥ ይገፋል፣ ከውጭ ይጎተታል፣ በዚያ ላይ ምራቅ ሲጠጣ ይውላል። ውስወሳ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ጎን ያለውም ተከትሎ ይፈታል።

ለኳስ መርፌው ወደ ኋላ እየተመለሰ መስፋት አለበት። መርፌውን ከታች ወደ ላይ ታወጪያለሽ። 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሰሽ ትወጊያለሽ። ከታች በኩል 4 ሚሊ ሜትር ሄደሽ ወደ ፊት ታወጪያለሽ። ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ ተመልሰሽ፣ የቀደመው ስፌት የተጀመረበት ቀዳዳ ላይ ትወጊያለሽ። ከላይ ሲያዩት የማሽን ስፌት ይመስላል። ከታች ክሩ ተደራርቦ ይሄዳል። አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ያቺው አንዷ ናት የምትላላው።

ክሩን ድርብ አድርጊው። ከጣትሽ ጫፍ እስከ ክርንሽ ያህል ከሆነ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ይጠላለፋል፣ ጨርቅ ውስጥ ሲመላለስም ይሳሳል። ቋጠሮ ላይ ብቻ አትተማመኚ። ስትጀምሪም ስትጨርሺም አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ ወግተሽ አጥብቂው።

አንድ ጠርዝ ሰፍተሽ ስትጨርሺ ጨርቁን ገልብጪና በሁለት አውራ ጣትሽ ስፌቱን ግራና ቀኝ ሳቢው። ክሩ እንደ መሰላል ብቅ ብሎ ከታየሽ ላልቷል ማለት ነው። ያኔውኑ ፍቺው። ከተሞላ በኋላ ማስተካከል መከራ ነው።

ጎነ_አምስት

እማማ ስለ ስፌቱ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ማዕዘኑ ቀዳዳና ስለ ክብነቱ ልናገር።

12 አምስት ጎን ሲገጣጠም 30 ጠርዝና 20 ማዕዘን ይኖረዋል። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ ሦስት ጨርቅ ይገናኛል። ቀዳዳው የሚመጣው እዚያ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፌቱን እስከ ጨርቁ ጫፍ ድረስ ሲወስደው ነው። እንደዚያ ከሆነ የስፌቱ ትርፍ አብሮ ይሰፋና ሦስተኛው ጨርቅ መዞሪያ ያጣል። ወይ ይሸበሸባል ወይ ክፍት ይቀራል።

መፍትሔው ነጥብ ነው። ካርቶን ላይ ትክክለኛውን አምስት ጎን ሥሪ፤ የስፌት ትርፍ ሳይጨመርበት። እሱን በጨርቁ ጀርባ ላይ አስቀምጠሽ ዙሪያውን በቀጭን እርሳስ አስምሪ። አምስቱም ማዕዘን ላይ ነጥብ አድርጊ። ከመስመሩ ውጭ 7 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትተሽ ቁረጪ። ስትሰፊ ከነጥብ ተነስተሽ ነጥብ ላይ ቁሚ። ከነጥቡ ያለፈው ትርፍ ጨርቅ ነፃ ሆኖ ይቅር። ሦስቱም ስፌቶች አንዷ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ቀዳዳ የለም።

ክብነቱን በተመለከተ፣ ካርቶኑ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ስህተቱ በ30ም ጠርዝ ላይ ይደገማል። ስለዚህ በግምት አትሥሪው። ኮምፓስ ካለሽ ክብ አስምሪና በፕሮትራክተር በየ72 ዲግሪው ክቡ ላይ ነጥብ አድርጊ፤ አምስቱን ነጥብ በማስመሪያ አገናኚ። 4 ሳ.ሜ ጎን ከፈለግሽ የክቡ ሬዲየስ 3.4 ሳ.ሜ ይሁን። 3 ሳ.ሜ ጎን ከፈለግሽ 2.55 ሳ.ሜ።

4 ሳ.ሜ ጎን ያለው ኳስ ሲሞላ ስፋቱ ከ10 እስከ 11 ሳ.ሜ ይሆናል። 3 ሳ.ሜ ከሆነ ወደ 8 ሳ.ሜ ይወርዳል። ለትንሽ እጅ ሁለተኛው ይመቻል።

መርፌና_ክር

እማማ፣ ኑሩልኝ። አውራ ጣት አስገብቼ ሳብኩት፤ እውነትም መሰላል ነው የሚመስለው። አንድም ጠርዝ አላለፈም።

ጎነ አምስት፣ አንተ እንዳልከው ነው፤ እስከ ጫፍ ነው የሰፋሁት። ካርቶኑን ደግሞ ከአንድ ሥዕል ላይ በዓይኔ ነው የገለበጥኩት። አንድ ጥያቄ ልጨምር። የትኛውን ካንዱ አስቀድሜ ልግጠም? ባለፈው እንደመጣልኝ ስቀጥል መጨረሻ ላይ የቀሩት ሁለቱ አልገጥም ብለው በጉልበት ጎትቼ ነው የሰፋኋቸው።

ጎነ_አምስት

ሁለት ጎድጓዳ ሳህን አድርገሽ አስቢው። አንዱን አምስት ጎን መሃል አስቀምጪ። በአምስቱ ጎኖቹ ላይ አምስት ጨርቅ ስፊበት። አበባ ይመስላል። ከዚያ የአበባውን ቅጠሎች ጎን ለጎን አያይዣቸው፤ ወደ ላይ ይነሱና ሳህን ይሆናሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

የሁለቱም ሳህን አፍ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከፍ ዝቅ ያለ ነው። የአንዱ ከፍታ የሌላው ዝቅታ ውስጥ ይገባል። የጨርቁን ፊት ከፊት አድርገሽ አንዱን ሳህን ሌላው ውስጥ አስገቢና ነጥብን በነጥብ ላይ በስፒል ያዢ። ከዚያ ዙሪያውን ስፊ። 10 ጠርዝ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያሉ ጠርዞች ለመገልበጫና ለመሙያ ክፍት ተያቸው። አንድ ጠርዝ ብቻ ከተውሽ ጣትሽ አይገባም።

እግረ መንገዴን፣ ቀለም ለሚያስጨንቃችሁ። 6 ቀለም ካላችሁ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ቁረጡ። አንዱን ሳህን ስትገጥሙ ቀለሞቹን በሰዓት አቅጣጫ፣ ሌላውን በተቃራኒው ደርድሩ። ስትዘጉት አንድ ዓይነት ቀለም ትይዩ ለትይዩ እንዲውል ሳህኑን አዙራችሁ አስተካክሉ። አንዱ ቀለም ከራሱ ጋር የትም አይጎራበትም። ቀለም ካነሰባችሁም 4 ይበቃል፤ አራት ቀለም ካለ ተመሳሳይ ጎረቤት የሌለበት ድርደራ ይገኛል።

ቁርጥራጭ_ሰብሳቢ

እኔ ደግሞ ጨርቁን ነው የምወቅሰው።

እህቴ፣ የሸሚዝ ጥጥና ካኔተራ አንድ ኳስ ላይ አይስማሙም። የሸሚዙ ድርና ማጉ ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው፤ ብዙ አይለጠጥም። ካኔተራ ግን ሹራብ ነው፤ ሲሞላ ይለጠጣል። ኳሱ የሾጠጠው ካኔተራው ባለበት በኩል ነው ብዬ እገምታለሁ። እስቲ እይው። ካኔተራውን ከወደድሽው ከጀርባው ስስ የተሸመነ ጨርቅ ገበር አድርጊለት፤ ሁለቱን አብረሽ ቁረጪና አንድ ላይ ስፊ።

ሳቲኑ ደግሞ ይተረተራል። ለስላሳነቱ ለሕፃን ጣት ደስ ይላል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የስፌት ትርፉን 1 ሳ.ሜ አድርጊና ጫፉን ዘምዝሚው። አለበለዚያ ስፌቱ ሳይበጠስ ጨርቁ ራሱ ከስፌቱ ሾልኮ ይወጣል። ብዙ ጊዜ «ስፌት ተፈታ» የምንለው ይሄንን ነው።

ከመቁረጥሽ በፊት ሁሉንም እጠቢ። ጥጥ ይሰበሰባል። ከተሰፋ በኋላ አንዱ ተሰብስቦ ሌላው ካልተሰበሰበ ኳሱ ይጣመማል። ቀለም የሚለቅ መሆኑንም ያኔ ታያለሽ። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ደጋግመሽ እሺው። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያ ጨርቅ ሕፃን አፍ ውስጥ አይገባም። ጠቆር ያለ ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ብዙ ጊዜ ያታልሉኛል።

ከዚህ ውጭ ግን የጨርቅ ልዩነት ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ልጁ የሚዳስሰው ነገር ያጣል። ከፋይ፣ ፎጣ፣ ለስላሳ ጥጥ፣ ያረጀ ጂንስ… አንዱ ጋ ጣቱ ይንሸራተታል፣ አንዱ ጋ ይያዛል። የራሴ ልጅ ፎጣዋን ጎን ነበር እየፈለገች የምታኝከው። ኳሱ በየትኛውም በኩል ቢሰጣት አገላብጣ እዚያችው ላይ ትደርስ ነበር።

የሕፃናት_ነርስ

ውይይቱን ዘግይቼ ነው ያየሁት። የጥጡን ነገር ሳነብ እኔም ደነገጥኩ። እህትሽ ጎበዝ ናት።

ለሕፃን የሚሰጥ ነገር ሁሉ አፍ ውስጥ እንደሚገባ አድርጋችሁ ስፉት። እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ ተለጣፊ ዓይን፣ የብረት ጌጥ የሚባል ነገር ኳሱ ላይ አይሰፋ። ምንም ያህል ቢጠብቅ ልጅ ማኘክ አይደክመውም። ኳሱን ራሱንም በጣም አታሳንሱት። በአሜሪካ ሕግ ለምሳሌ ስፋቱ ከ4.4 ሳ.ሜ ያላለፈ ኳስ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ መጫወቻ ተብሎ አይሸጥም፤ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል። የጨርቅ ኳስ ሲጨበጥ ያንሳል። ስለዚህ 8 ሳ.ሜ የምትሉት ሳይጨመቅ መሆኑን አትርሱ፤ በጡጫችሁ ጨምቃችሁ እዩት።

ሪባን የምትጨምሩ ካላችሁ አጥፋችሁ በሁለቱም ጫፍ ስፌቱ ውስጥ አስገቡት፤ የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ቀለበት ትሁን። ተንጠልጥሎ የሚቀር ረጅም ክር ወይም ገመድ አይኑር። አንገት ላይ ይጠመጠማል።

ስጦታውን ስትሰጡ ለወላጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው። ኳሱ የመጫወቻ ነው፣ የመኝታ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ሕፃን የሚተኛበት ላይ ለስላሳ አሻንጉሊት፣ ትራስ፣ ልቅ ጨርቅ መኖር የለበትም። ሲነቃና ሰው አጠገቡ ሲኖር ይጫወትበት።

ሊወለድ ላለው ልጅ ደግሞ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ ርቀት ያለውን ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ወይም በጣም የሚለያዩ ቀለሞች ናቸው ዓይኑን የሚይዙት። ሆን ብሎ እጁን ዘርግቶ መያዝ የሚጀምረው በ3 እና በ4 ወር አካባቢ ነው። በ6 ወር ገደማ ካንድ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል። ስለዚህ የጓደኛሽ ልጅ መጀመሪያ የሚያየው፣ ቆይቶ የሚይዘው ኳስ ነው የምትሰፊው።

አባ_ልጁ

ሰላም። እኔ መርፌ የያዝኩት ልጄ ከተወለደ በኋላ ነው፤ አምስት ጎኑን ሞክሬ ከበደኝ። ስለዚህ እንደ ብርቱካን ቅርፊት በቁመቱ የሚቆረጠውን ነው የሠራሁት። 6 ቁራጭ ብቻ። መሃሉ ሰፋ፣ ሁለቱ ጫፍ ሾጠጥ ያለ። ለ10 ሳ.ሜ ኳስ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁመቱ 15.7 ሳ.ሜ፣ መሃሉ ላይ ስፋቱ 5.2 ሳ.ሜ ነው፤ የስፌት ትርፉ ለብቻ ይጨመራል። 6 ረጅም ስፌት ነው፤ ማዕዘን ላይ መዞር የለም። በሁለት ማታ ጨረስኩት።

የሚያስቸግረው ጫፉ ነው። ስድስቱም ሹል አንድ ቦታ ሲገናኙ ይወፍራል፣ ቀዳዳም ይቀራል። ሰው ቁልፍ ይሰፋበታል። እኔ ነርሷ ያሉትን ሳላውቅ እንኳ ቁልፍ ስላስፈራኝ ክብ ጨርቅ ቆርጬ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ፣ ዙሪያውን ጥቅጥቅ አድርጌ ሰፋሁበት። እስካሁን ደህና ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ውስጡ ቃጭል ባስገባ ምን ይላል? ልጄ ድምፅ ይወዳል።

የመንታዎች_እናት

ወንድሜ፣ ሁለቱም ልጆቼ ድምፅ ያለው ኳስ ነበራቸው። ስለዚህ አትተው አልልህም። ግን ቃጭሉን እንዲሁ በሙሌቱ መሃል አትጣለው። መጀመሪያ ነገር ጠንካራ፣ የማይሰበር፣ ክዳኑ የማይከፈት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ያ ዕቃ በራሱ በወፍራም ጨርቅ ይሰፋ፤ ድርብ አድርገህ። ከዚያ ነው በሙሌት የሚከበበው። እንዲህ ከሆነ የውጭው ስፌት ቢከፈት እንኳ እጁ ላይ የሚገባው የተሰፋ ትልቅ ጥቅል ነው። ዕቃው ራሱ ከ4.4 ሳ.ሜ ቢበልጥ ደግሞ ይሻላል።

የሕፃናት_ነርስ

በዚህ አልስማማም፤ ይቅርታ። የእርስዎ አሠራር ጥንቃቄ አለው፤ አይቻለሁ። ግን ብዙ ሰው አንብቦ ግማሹን ብቻ ነው የሚሠራው። ድርቡን ይተወዋል፣ ዕቃውን ይተወዋል፣ ቃጭሉ ብቻ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰፋ ሰው ዝም ያለ ኳስ ነው የምመክረው። ሩዝና ባቄላም እንዲሁ አይግባ። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይሻግታል፣ ስፌቱ ከተከፈተ ደግሞ ትንንሽ ፍሬ ነው። ባትሪና ማግኔት ያለበት ነገርማ ጨርሶ አይታሰብ።

አባ_ልጁ

ገባኝ። የኔ ስፌት ገና ስለሆነ ቃጭሉ ይቅር። እጄ ሲጠና አስብበታለሁ።

እማማ_ድሪቶ

ጥሩ አድርገሃል ልጄ።

አሁን ስለ መሙላቱ። መርፌና ክር ውስጡ ተቋጠረ ያልሽው ጥጡን በጭብጥ በጭብጥ እየከተትሽ ስለሞላሽው ነው። ጥጥም ሆነ የትራስ ፋይበር መጀመሪያ ይፈልቀቃል። በሁለት እጅሽ እየዘረጋሽ ደመና እስኪመስል አሳሺው። ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ፣ መጀመሪያ ከመክፈቻው ፊት ለፊት ያለውን ጎን፣ ከዚያ ዙሪያውን፣ መጨረሻ መሃሉን። ጫፉ ያልሾለ ወፍራም እርሳስ ተጠቀሚ፤ ማዕዘኖቹ ውስጥ ግፊው። ኳሱን በመዳፍሽ እያንከባለልሽ እይው። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ እዚያ ጨምሪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ፤ መሙላት ላይ የሚቸኩል ሰው መልሶ መፍታቱ አይቀርም።

ብዙም አታጠጥሪው። ሕፃን የሚይዘው ጣቱ ጨርቁ ውስጥ ሰጠም ሲልለት ነው። ድንጋይ ከሆነ ያመልጠዋል፤ ፊቱ ላይም ይወድቅበታል።

የመንታዎች_እናት

እማማ፣ እጅ ነስቻለሁ። ስለ ሙሌቱ ዓይነት ግን አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ጥጥ ትቼ ወደ ፖሊስተር ፋይበር ዞሬያለሁ። ምክንያቴ እጥበት ነው። ኳስ በየሳምንቱ ይታጠባል፤ መሬት ይወድቃል፣ ምራቅ ይጠጣል። ጥጥ ውሃ ይይዛል። ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥብ ይቀራልና ይሸታል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ቅርፁም ይመለሳል። የበግ ፀጉር ደግሞ ለእጅ ደስ ይላል፤ ግን በሙቅ ውሃ ከታሸ ተጣብቆ ኳሱ ያንሳል።

በትራስ ልብስ ውስጥ ከትቼ አፉን አስሬ ነው የማጥበው። ለብ ባለ ውሃ። ከዚያ በፎጣ ጠቅልዬ እጨምቀዋለሁ እንጂ አልጠመዝዘውም፤ መጠምዘዝ ስፌት ይጎዳል። አየር በሚያገኝበት ቦታ በየጊዜው እየገለባበጥኩ አደርቀዋለሁ። ልጁ እጅ ከመመለሱ በፊት ስፌቱን ዙሪያውን በጣቴ አያለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መርፌና_ክር

አመሰግናለሁ፤ ሁሉንም እያነበብኩ ነው የምሠራው።

የድሮውን ኳስ ፈታሁት። ቁርጥራጭ ሰብሳቢ፣ ትክክል ነሽ። የሾጠጠው ጎን ካኔተራው ነው። ተፈታ የተባለው ጠርዝም ሳቲኑ ነው። ክሩ አልተበጠሰም፤ ጨርቁ ነው ከስፌቱ ተተርትሮ የወጣው። አንድ ሳምንት ሙሉ ክሩን ስወቅስ ነበር።

አሁን 3 ሳ.ሜ ጎን ያለው ካርቶን በኮምፓስ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ሳህን ጨረስኩ። ነጥብ ላይ መቆም መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር፤ እጄ ሳላስበው እስከ ጫፍ ይሄዳል። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ገባኝ። ትርፉን በግራ አውራ ጣቴ ወደ ጎን አጥፌ ይዤ፣ መርፌውን በነጥቧ ውስጥ ወግቼ፣ ከጀርባም ነጥቧ ላይ መውጣቱን አይቼ ነው የምስበው። ሦስቱ ሲገናኙ ትንሽ ኮከብ ሆኑ። ቀዳዳ የለም። ብርሃን ላይ አድርጌም አየሁት።

የቀረኝ አዘጋጉ ነው። ክፍቱን ከውጭ ስዘጋ ስፌቱ ይታያል፣ ያስጠላል። ባለፈውም እሱ ጋ ነበር ደካማ የሆነብኝ።

እማማ_ድሪቶ

ኮከቡን ሳነብ ደስ አለኝ።

አዘጋጉ እንዲህ ነው። ስትቆርጪ ያስመርሽው መስመር አለ፤ ክፍቱ ላይ ሁለቱንም ጨርቅ በዚያ መስመር ወደ ውስጥ አጥፊና በጥፍርሽ ደህና አድርገሽ ተጫኚው። ከመሙላትሽ በፊት በካውያ ብትተኩሺው ደግሞ የበለጠ ይታዘዝሻል። ክሩን ከውስጥ ጀምሪ፤ ቋጠሮው ውስጥ ይቅር። መርፌውን በአንዱ እጥፋት ጫፍ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር አስኪጂው። ከወጣበት ትይዩ በሌላኛው እጥፋት ውስጥ እንዲሁ 2 ሚሊ ሜትር። እየተቀያየርሽ ትሄጃለሽ። ሦስት አራት ስፌት ከሄድሽ በኋላ ክሩን ሳብ ስታደርጊው ሁለቱ እጥፋት ከንፈር ለከንፈር ይገጥማሉ፣ ክሩም ይሰወራል።

ክፍት መሆኑ ሊያልቅ ሲል ትንሽ ሙሌት ጨምሪ፤ እዚያ ጎን ሁልጊዜ ይጎድላል። ጨርሰሽ ስትመጪ ደግሞ በዚያው ክር ወደ ኋላ ተመልሰሽ ሁለተኛ ዙር ስፊው። ይሄ ጠርዝ ከሌሎቹ ሁሉ ደካማ ስለሆነ አንድ ዙር አይበቃውም። መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጥረሽ መርፌውን ኳሱ ውስጥ ወግተሽ ራቅ ብሎ አውጪው። ክሩን ጠበቅ አድርገሽ ሳቢና ጨርቁ ሥር ቁረጪው። ጫፉ ተመልሶ ውስጥ ይገባል።

መርፌሽንና ስፒልሽን ቁጠሪ። ስትጀምሪ 10 ስፒል ከነበረ ስትጨርሺ 10 ይሁን። ከመዝጋትሽ በፊት።

ጎነ_አምስት

የስፒሉን ቆጠራ ሁላችንም እንያዘው። እኔ ሳልቆጥር አልዘጋም።

ማታ ያሰብኩትን አንድ ነገር ላካፍል። ፍሪድሪክ ፍሮበል የሚባለው ጀርመናዊ መምህር፣ «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም በ1840 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ ለልጆች ያዘጋጃቸውን መጫወቻዎች «ስጦታ» ነበር የሚላቸው። የመጀመሪያው ስጦታ ምን መሰላችሁ? ስድስት ለስላሳ የሱፍ ኳስ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ። ለትንሹ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ኳስን መምረጡ ደስ ይለኛል። ኳስ በየትኛውም በኩል ቢያዝ ያው ነው፤ ተገልብጦ ተያዘ አይባልም። (የእሱ ኳሶች ማንጠልጠያ ክር ነበራቸው። ነርሷ የነገሩንን አስታውሰን እሱን እንተወው።)

አምስት ጎኑ የለመደለት ሰው ደግሞ ወደ 32 ቁራጩ ይሂድ፤ 12 አምስት ጎንና 20 ስድስት ጎን። በ1970 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ላይ የነበረው የአዲዳስ ቴልስታር አሠራር ነው። ጠርዙ 2 ሳ.ሜ ከሆነ ስፋቱ ወደ 10 ሳ.ሜ ይመጣል፤ ከአምስት ጎኑ ይበልጥ ክብ ነው። ግን 90 ጠርዝ አለው። በጠቅላላው 180 ሳ.ሜ ስፌት። ያንኑ የሚያህለው ባለ 12ቱ 120 ሳ.ሜ ነው። ለመጀመሪያ ኳስ አልመክረውም።

ቁርጥራጭ_ሰብሳቢ

ለ5 ወር ልጅ መያዝ የሚከብደው ከሆነ ደግሞ የአሚሽ ኳስ የሚሉት አለ። 12 የብርቱካን ፍልቃቂ የመሰለ ቁራጭ ለየብቻው ተሰፍቶ ይሞላል፤ አራት አራት ሆኖ ይያያዝና ሦስቱ ቀለበት ይጠላለፋል። ክፍተት ክፍተት ስላለው ጣት ይገባበታል። ሥራው ብዙ ነው፤ የሚዘጋው ክፍት ብቻ 12 ነው። ያንን ለየብቻ እጽፍላችኋለሁ።

መርፌና_ክር

ጨርሻለሁ። ስፒሎቼ 10 ነበሩ፣ 10 ናቸው።

ስፋቱ 8 ሳ.ሜ ሆነ። ለጓደኛዬ ልጅ የሚሆነው ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይና ቢጫ ነው፤ ሁሉም የተሸመነ ጥጥ ነው። የእህቴ ልጅ ኳስ ደግሞ ከድሮዎቹ ጨርቆች ነው የተሰፋው። ካኔተራዎቹ ገበር ተደርጎላቸዋል። ሳቲኑን አልጣልኩትም። 1 ሳ.ሜ ትርፍ ሰጥቼ ዘምዝሜ መልሼ አስገባሁት፤ ልጁ እሱን ጎን ይወደው ነበርና። ሁለቱንም በአውራ ጣት ሳብኳቸው። መሰላል የለም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና ሳብኳቸው።

ትናንት ለእህቴ ወሰድኩላት። የመኝታ አይደለም አልኳት፤ እሺ ብላ መደርደሪያ ላይ ቦታ ሰጠችው። ልጁ መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ደገፍ ተደርጎ ተቀምጦ ነበር። ኳሱን በቀኝ እጁ ያዘው። ጨመቀው። ትንሽ አየው። ከዚያ በግራ እጁ ተቀበለው። እህቴ ከኋላው ሆና «አየሽው? ከዚህ በፊት እኮ እንዲህ አድርጎ አያውቅም!» አለችኝ። ወዲያው አገላብጦ ሳቲኑን ጎን ፈለገና አፉ ውስጥ ከተተው።

ኳሱን ሲተወው አንስቼ ያቺን ጠርዝ በጣቴ ዳሰስኳት። ርሳለች። አልተነቃነቀችም።